በነጻ የተሰጠው ስሌት

በድምፅ ማጉያ ውስጥ ያለ ትራንዚስተር ቀጥተኛ ሥርዓት አይከተልም፤ ቮልቴጁ በጥቂቱ ሲጨምር የኤሌክትሪክ ጅረቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ድምፁ ከልክ ሲያልፍም የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ይህን መዛባት የሚገልጹትን እኩልታዎች በወረቀት ፈትቶ መጨረስ አዳጋች ነው። ኮምፒውተር ግን በግምት ይነሣል፤ በኒውተን ዘዴ ጠማማውን መስመር እንደ ቀጥታ ቆጥሮ ያሰላል፤ ግምቱ መለወጡን እስኪያቆም ይደጋግማል፤ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ቅጽበት ይሻገራል።

ይህን አሠራር በዓለም ያዳረሰው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተወለደው ስፓይስ ነው። መነሻው በሮናልድ ሮህረር ክፍል የተጀመረ የተማሪዎች ሥራ ነበር። በዘመኑ ብዙዎቹ መሰል ፕሮግራሞች በመከላከያ ገንዘብ የሚሠሩና ጨረር በመሣሪያ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያሰሉ ነበሩ፤ የበርክሌዩ ግን ጨረርን እንደማይመለከት በስሙ ጭምር አስታወቀ። ሎረንስ ናጌል ያጎለበተውን ፕሮግራም ዶናልድ ፔደርሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ አቀረቡት፤ የሕዝብ ሀብት ሆኖ እንዲሰራጭም አጥብቀው ያዙ።

ተመራቂዎች ይዘውት ወደየሥራቸው ሄዱ፤ ኩባንያዎችም የየራሳቸውን ዝርያ አወጡለት። ስፓይስ የሙያው የጋራ ቋንቋ የሆነው በስሌቱ ብርታት ብቻ አይደለም፤ በሩ ሳይዘጋ በመቅረቱም ጭምር ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚመራመር ተቋም ውጤቱን ለማን እንደሚያወርስ ሲወስን፣ የመስኩን የወደፊት መልክም አብሮ ይወስናል።