በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ ከዳባት እስከ ቺካጎ

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ታክሲ ጠፍቶ ዝናብ ሲጨመርበት፣ መብራት ሄዶ ውኃም ሲከተል እንዲህ እንላለን። የከተማ ልጆች አባባሉን አሳምረን እናውቀዋለን፤ እንቅርቱን ግን በዓይናችን ያየን ስንቶቻችን ነን? ከጎንደር በስተሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳባትን፣ ቀጥሎም ደባርቅን የረገጠ ሰው አባባሉ ከየት እንደመጣ ማንም አያስረዳውም፤ ገበያ አንድ ዙር መዞር ይበቃዋል። እዚያ እንቅርት የአክስት፣ የጎረቤት፣ የክፍል ጓደኛ በሽታ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ በሽታና ስለ መድኃኒቱ ታሪክ ነው። አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል፦ መድኃኒቱ ከየት ነው የሚመጣው? ምንጩ ሲቀየርስ ለሚውጠው ሰው ማን ይነግረዋል? (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።)

ተራራው የከለከለው

አንገታችን ሥር ቢራቢሮ የሚመስል ታይሮይድ የሚባል እጢ አለ። የሚያመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን ኃይል የሚጠቀምበትን ፍጥነት ይወስናል። ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ያስፈልገዋል። አዮዲን ሲያጣ ያለችውን ጥቂት ለመልቀም ይለፋል፣ እየለፋም ያብጣል። እንቅርት ማለት ይኸው ነው።

በሰሜን ተራሮች ግርጌ አዮዲን የሚጠፋበት ምክንያት ቀላል ነው። ዳገቱ ለብዙ ዘመን በዝናብ ታጥቧል፤ አፈሩ ሲሄድ አዮዲኑም አብሮ ወርዷል። በዚያ አፈር የበቀለ ገብስና ድንች የሚሰጠው አዮዲን የለውም። በ2016 ተመራማሪዎች በዳባት ወረዳ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ከ700 በላይ ልጆችን መርምረው ነበር፤ ከ100ው ልጅ 29ኙ እንቅርት ነበረበት።

ጉዳቱ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ሲያጥራት የሚጎዳው የጽንሱ አእምሮ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ «አይገባውም» ሲባል ጥፋቱ የእሱም የመምህሩም ላይሆን ይችላል።

የድሮ ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በሴቶች አንገት ላይ የምናየው ንቅሳት ጌጥ ነው፤ ነገር ግን እንቅርትን ይመልሳል ተብሎም ይነቀስ ነበር። አያቶቻችን ፎቶ ላይ የምናደንቀው ያ ሰማያዊ መስመር ለአንዳንዶቹ ማዘዣ ወረቀት ነበር ማለት ነው።

870 በጎችና ሦስት ቶን የአሳማ እጢ

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር፤ የሆርሞን ክኒኑ ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ነውና። በ1891 ጆርጅ መሪ የሚባል የኒውካስል ሐኪም ታይሮይዷ መሥራት ያቆመ የ46 ዓመት ሴት አጋጠመችው። ከበግ እጢ የተጨመቀ ፈሳሽ ከቆዳዋ ሥር ወጋላት። ተሻላት። እስከ 1919 ድረስ 28 ዓመት ኖረች፤ ሐኪሙ በኋላ እንደጻፈው በዚያ ሁሉ ጊዜ የወሰደችው መድኃኒት ከ870 በላይ በጎች እጢ የተገኘ ነበር። በ1892 ደግሞ እጢውን መብላትም እንደሚሠራ ታወቀ። ፎክስ የተባለ ሐኪም ጠበስ አድርጎ፣ ከትፎ፣ ከማርማላታ ጋር አበላው። የታይሮይድ ጥብስ በሉት!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ቄራ ሄደ። የቺካጎ ሥጋ አምራቾች በቀን የሚያርዱት አሳማ ብዙ ነበር፤ እጢው ደግሞ የሚጣል ነገር። አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ክኒን አድርጎ መሸጥ ትርፍ ሆነ። እስከ ዛሬ የሚታወቀው «አርሞር ታይሮይድ» ስሙን የወረሰው ከአንድ የቺካጎ ሥጋ ድርጅት ነው። በ1914 የፈረንጆች ገና ዕለት ኤድዋርድ ኬንዳል የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ሆርሞኑን ለብቻው ነጥሎ አወጣ። ከሦስት ቶን ገደማ የአሳማ እጢ ያገኘው 33 ግራም ያህል ነበር። በ1927 እንግሊዝ ውስጥ ሃሪንግተንና ባርጀር ሆርሞኑን ያለ እንስሳ በላቦራቶሪ ሠሩት። ከሃምሳዎቹ ወዲህ ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ሰው ሠራሽ ክኒን ገበያውን እየያዘ መጣ፤ ዛሬ በእኛም አገር የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለው እሱ ነው።

የአሳማው ግን አልጠፋም። አንድ ችግሩ መጠኑ ነው። በአሳማ እጢ ውስጥ ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉት ሁለት ሆርሞኖች አራት ለአንድ ገደማ ናቸው፤ በሰው እጢ ግን ቲ4 ከዚያ በብዙ ይበልጣል። በ2020 «ኤን ፒ ታይሮይድ» የሚባለው የአሳማ ክኒን በአንድ ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ኃይሉ በዝቷል፣ ቀጥሎ ደግሞ አንሷል ተብሎ ከገበያ የተሰበሰበ ምርት ነበረው። በነሐሴ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ከእንስሳ የሚሠሩት የታይሮይድ መድኃኒቶች በሙሉ ፈቃድ እንደሌላቸው ገልጾ ለአምራቾቹ ደብዳቤ ጻፈ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ይወስዱት የነበረ መድኃኒት ነው። «ለእኔ የተስማማኝ እሱ ብቻ ነው» የሚሉ ሕመምተኞች ጮኹ፤ ጩኸታቸውም የሚናቅ አይደለም።

የማን ባርኮት ነው?

ይህ ታሪክ ወደ ዳባት ቢመጣስ ብላችሁ አስቡት። የሰሜንና የወገራ አገር የሦስት እምነት ሰዎች አብረው የኖሩበት ነው፤ ክርስቲያን፣ ሙስሊምና፣ አብዛኞቹ በ1984 እና በ1991 ዘመቻዎች ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ፣ ቤተ እስራኤላውያን። ሦስቱ በገበያ ይገናኛሉ፣ በኀዘን ይረዳዳሉ፤ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ የራሱን ባርኮት ይፈልጋል። የአንዱን እርድ ሌላው አይነካም። ሦስቱም አንድ ላይ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር አሳማ አለመብላት ነው። የቺካጎው ክኒን ለሦስቱም እኩል እርም ነበር ማለት ነው።

«መድኃኒት ነው፣ ምግብ አይደለም» የሚል መልስ አለ። «አሳማው ለሥጋው ታረደ እንጂ ለእጢው አልታረደም» የሚልም አለ። በእስልምና ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ለሕይወት የግድ የሆነ ነገር እንደሚፈቀድ ይታወቃል፤ ክርስቲያኑም የንስሐ አባቱን ያማክራል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ መልሶች የሚያስፈልጉት አማራጭ ሲጠፋ ነው። ሰው ሠራሹ ክኒን እያለ «ግድ ነው» ማለት ይከብዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምርጫው የሚውጠው ሰው ነው። ያልተነገረው ሰው ምርጫ የለውም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። እጢው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ክኒኑን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ክኒኑን ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የሚያስመጣ ሰው «ታይሮይድ» የሚለውን ቃል ብቻ አንብቦ ይውጠዋል እንጂ ሌቮታይሮክሲን ይሁን የአሳማ ዱቄት ላያውቅ ይችላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ በመጠንም አንዱን በሌላው ሐኪም ሳያማክሩ መተካት አደገኛ ነው።

ጨውስ ከየት መጣ?

አሁን ደግሞ ከክኒኑ ወደ ማጀት እንግባ። ለአብዛኛው የሰሜን ሰው መድኃኒቱ ክኒን አይደለምና፤ አዮዲን ያለበት ጨው ነው። ተራራማዋ ስዊዘርላንድ ይህን ተረድታ በ1922 አዮዲን ያለበት ጨው መሸጥ ጀመረች። እኛ ለብዙ ዘመን ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ የወጣ አሞሌ ነበረን፤ ገንዘብም ሆኖ አገልግሏል። አዮዲን ግን አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ኋላ ላይ አብዛኛው ጨዋችን ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በተለይ ከአሰብ መምጣት ጀመረ፤ አዮዲንም ይጨመርበት ጀመር። በ1998 የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ። ፊታችንን ወደ አፋሩ አፍዴራ አዞርን። ጨው አልጠፋም፣ ወጥም አልጣፈጠም አልተባለም። የጠፋው አዮዲኑ ነበር፤ እሱ ደግሞ በዓይን አይታይ፣ በምላስ አይቀመስ። የሰሜን ባላገር ምንጩ መቀየሩን በምን ይወቅ? በ2005 በቂ አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤት 20 በመቶ ገደማ ነበር። በዚያው ዘመን በአገር አቀፍ ጥናት ከልጆች ወደ 40 በመቶ፣ ከሴቶች 36 በመቶ ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን የተገኘበት ጨው ያላቸው ቤቶች 89 በመቶ ገደማ ደርሰዋል። ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን «አዮዲን አለው» እና «በቂ አዮዲን አለው» ይለያያሉ፤ በዳባቱ ጥናት ከ100ው ልጅ 29ኙ እንቅርት የተገኘባቸውም በዚያው ዓመት ነው። ጨው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በክፍት ጆንያ ተራራ ወጥቶ ሲሸጥ አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳል።

እንግዲህ የበጉም፣ የአሳማውም፣ የአሰቡም ጨው ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። ምንጩ ሩቅ ነው፣ ምንጩ ይቀየራል፣ መጨረሻ የሚሰማው ደግሞ የሚውጠው ሰው ነው። ፋርማሲ ስትሄዱ «ከምንድን ነው የተሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለእናታችሁ ጨው ስትገዙ የታሸገውን፣ አዮዲን ያለበትን አንሱ፤ ከፀሐይና ከእንፋሎት አርቃችሁ ክደኑት፣ ወጡ ላይም መጨረሻ ጨምሩት። ዳባት ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ስትሄዱ ከስኳሩ ጎን አንድ ሁለት ፓኬት ያዙላቸው።

ቸር እንሰንብት!