በሊኑክስ ብራውዘር ቪዲዮ ማጫወት

በሊኑክስ ብራውዘር ቪዲዮ ማጫወት ሲባል ፊልም፣ ዜና ወይም ትምህርት አስቀድሞ ሳይወርድ ከኢንተርኔት እየመጣ በፋየርፎክስ፣ በክሮም ወይም በክሮሚየም ሲታይ ማለት ነው። ዛሬ አብዛኛው ቪዲዮ አንዴ ሲጫን ይከፈታል። እምቢ ካለ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከኮዴክ፣ ከቅጂ መብት ቁልፍ፣ ከግራፊክስ፣ ከፊደል ወይም ከኔትወርክ አያልፍም።

ሁለቱ ፍላሾች

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ «ፍላሽ» ሲባል ሰው የሚያስበው ፊልም የሚገለበጥባትን፣ ኪስ ውስጥ የምትገባውን ዕቃ ነው። የኢንተርኔቱ ፍላሽ ሌላ ነበር። የአዶቤ ማጫወቻ ነበር፤ ዩቲዩብ በእሱ ላይ ነው ያደገው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሊኑክስ ፋየርፎክስ ከፍላሽ 11.2 በኋላ አዲስ እትም ማውጣቱን አቁሞ የደኅንነት ጥገና ብቻ ቀጠለ። ናሽ የተባለው ነጻ ምትክም ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት ትናንሾቹ ኤክስኦ ላፕቶፖች በሊኑክስ የሚሠሩና ናሽን የያዙ ነበሩ።

ኤችቲኤምኤል 5 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ይፋዊ ደረጃ ሲሆን ቪዲዮ የብራውዘሩ የራሱ ሥራ ሆነ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ወደዚያ ዞረ። የአዶቤ ፍላሽ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 አበቃ።

ኮዴክና ቁልፍ

ኮዴክ የተጨመቀ ቪዲዮን የሚፈታ ፕሮግራም ነው። ኤች.264 በብዙ ኩባንያዎች ፓተንት የተያዘ በመሆኑ ፌዶራ ሙሉ ኮዴኩን ከራሱ ጋር አያቀርብም፤ ተጠቃሚው አርፒኤም ፊውዥን ከተባለው ማከማቻ ይጭናል። ኡቡንቱ ሲጫን ስለ ተጨማሪ የሚዲያ ፎርማቶች ይጠይቃል፤ ሳይመረጥ ከታለፈ በኋላም «ኡቡንቱ ሪስትሪክትድ ኤክስትራስ» የተባለውን ጥቅል መጫን ይቻላል። ጥቅሉ ራሱ ከኢንተርኔት ስለሚወርድ ግንኙነት ባለበት ሰዓት መጨረስ ይበጃል።

ኔትፍሊክስ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የቅጂ መብት ቁልፍ። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ አገሮች ሲከፈት የሊኑክስ ችግር መፈታት ጀምሮ ነበር። ችግሩ ሳይፈታ በፊት በማይክሮሶፍት ሲልቨርላይት ይሠራ ስለነበር ሊኑክስ ላይ አይከፈትም ነበር፤ ፓይፕላይት የተባለ ፕሮግራም የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን በኩል ሲልቨርላይትን አታልሎ ያስነሳው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ክሮም፣ በመስከረም 2016 ፋየርፎክስ 49 በጉግል ዋይድቫይን ቁልፍ መሥራት ጀመሩ። ፋየርፎክስ ላይ በቅንብሩ ገጽ መብቱ የተጠበቀ ይዘት እንዲጫወት መፍቀድ ይበቃል። ክሮሚየም ግን ብዙ ጊዜ ዋይድቫይን ሳይኖረው ይመጣል፤ ዩቲዩብ እየሠራ ኔትፍሊክስ የሚዘጋው በዚህ ነው።

የሚጮኸው ላፕቶፕ

ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው የሚያማርረው ሌላ ነገር ነው፦ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ዩቲዩብ ብዙውን ቪዲዮ በቪፒ9 ይልካል። ከሰባተኛው ትውልድ በፊት ያሉት የኢንቴል ግራፊክሶች ደግሞ ቪፒ9ን ሙሉ በሙሉ ስለማይፈቱ ጫናው ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። «ኤች264ፋይ» የተባለው የብራውዘር ተጨማሪ ዩቲዩብን በኤች.264 እንዲልክ ያደርገዋል፤ ይህን የድሮ ግራፊክስም ይችለዋል። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023ቱ እትም 115 ጀምሮ በኢንቴል ላይ የግራፊክስ አፈታትን ለሊኑክስ ከፍቷል።

ርዕሱና የግርጌ ጽሑፉ በፊደል ፋንታ ሳጥን ሆኖ ከታየ ቪዲዮው አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ሲጫን ይስተካከላል።

በቢቸናና በሞጣ

ሁለቱ ከተሞች ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። ኢንተርኔቱ ከስልክ በሆትስፖት ወደ ላፕቶፕ ሲመጣ ዋናው ጥያቄ የዳታ ይሆናል። ማጫወቻው ቪዲዮውን የጥቂት ሰከንድ ቁራጭ እያደረገ ይቀበላል፤ ኔትወርኩ ሲደክም የጥራት ደረጃውን ዝቅ ያደርጋል፣ እሱም ካልበቃ ክቡ ይዞራል። ኔትፍሊክስ በዝቅተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 0.3 ጊጋባይት፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። ስለዚህ 1 ጊጋባይት በመጀመሪያው ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሁለተኛው 20 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ዩቲዩብ ላይም ጥራቱን በእጅ 360 ላይ ማሰር ዳታ ይቆጥባል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና መቋረጡ ለወራት ሲዘልቅ፣ ዳታ ብቻ ላለው ሰው ኮዴኩም ቁልፉም ሥራ ፈቱ። ያለ ኔትወርክ የሚሠራው የራሱን ኮዴክ ይዞ የሚመጣው ቪኤልሲ ማጫወቻና ያችው የኪሷ ፍላሽ ናቸው።