ከማርሳቢት እስከ ናይሮቢ ሙዚየም
ብዙዎቻችን በሞያሌ ገብተን ማርሳቢትን አልፈን ናይሮቢ ደረስን። የማርሳቢቱ ዝሆን አሕመድ ጥርሱ መሬት ሊነካ የደረሰ ስለነበር፣ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በ1970 እ.ኤ.አ. ከአዳኝ በአዋጅ አስጠበቁት። በ1974 ሞተ። አምሳያው በናይሮቢ ሙዚየም ግቢ ቆሟል፤ ልጆቻችን ቀድመው የሚሮጡት ወደ እሱ ነው። ሙዚየሙ በ1930 እዚህ ሲከፈት በእንግሊዙ አገረ ገዥ በኮሪንደን ስም ይጠራ ነበር። ውስጡ በ1984 ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተገኘው፣ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው የልጅ አጽም ይታያል። የሐይቁ ውሃ አብዛኛው የኦሞ ወንዛችን ነው፤ እዚህ ለተወለዱት ልጆች ይህን እኛ ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል? ጊዜ ከተረፈ የባቡር ሙዚየሙ አለ። በ1900 አንበሳ ገብቶ ራያል የተባለውን የፖሊስ ሹም ከእንቅልፉ ጎትቶ የወሰደበት ፉርጎ እዚያ ነው። ታሪኩን ለትንንሾቹ ማታ ማታ ባናወራ ይሻላል።