ውሃው የማን ነው? ከጀፕስታውን በታች ያለ የፓምፕ ታሪክ

ጆሃንስበርግን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ «ጄፒ» ሲባል የሚታወሰው በመሀል ከተማ የሚገኘው የወገኖቹ የንግድ ሰፈር ነው፤ ዛሬ በራሂማ ሙሳ ስም የሚጠራው ጎዳና ቀድሞ ጄፕ ይባል ነበርና። ጀፕስታውን ግን ከዚያ ወደ ምሥራቅ ያለ ሌላ ሰፈር ሲሆን፣ በ1886 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወርቅ ከተገኘ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከተቆረቆሩት ጥንታውያን ሰፈሮች አንዱ ነው። ሁለቱን ከስም በላይ የሚያገናኛቸው ነገር አለ። ሁለቱም የሚገኙት ለመቶ ዓመት ያህል በተቆፈረ ሰፊ ዋሻ ዳርቻ ነው፤ ዋሻውም ውሃ ያስገባል።

ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ከወለሉ ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ ሲመርጥ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል። ውሃው ምን ያህል ከፍታ መውጣት አለበት? ፓምፑ የሚስበው መጠን ከፍታው በጨመረ ቁጥር ይቀንሳልና። ፓምፑ የት ይቀመጣል? ሞተሩ ደርቆ መኖር ያለበት ከሆነ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ራሱ ይሰጥማልና። ባለቤቱ በሌለበትስ ባትሪውን ማን ይሞላል? የዊትዋተርስራንድ ማዕድን ታሪክ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ታሪክ ነው፤ እጅግ የከበደው ደግሞ ሦስተኛው ነበር።

ጉድጓዶቹ ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ ሲጠልቁ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ማውጣት አዳጋች ሆነ። ስለዚህ በየእርከኑ የፓምፕ ጣቢያ ተሠራ፤ የታችኛው ለላይኛው እያቀበለ ውሃው ወደ ምድር ይወጣ ነበር። በመሬት ላይ ኩባንያዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም፣ ከመሬት በታች ዋሻዎቻቸው እየተገናኙ ስለ ሄዱ ውሃው የባለቤትነት ወሰን አላወቀም። አንዱ ማዕድን ሲዘጋና ፓምፑን ሲያጠፋ ውሃው ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። ትርፉን አስቀድሞ የወሰደው ሲሄድ ዕዳው ለቀረው ይተላለፋል፤ መጨረሻ የቀረው የሁሉን ውሃ ይሸከማል። በ1960ዎቹ መንግሥት ለውሃ መሳቢያ ወጪ ድጎማ መስጠት መጀመሩ ችግሩን አምኖ መቀበል ነበር፤ ነገር ግን የሄዱትን ተጠያቂ አላደረገም።

ፓምፕ ሁሉን እንደማያድን ያሳየው ደግሞ ከከተማዋ ወደ ምዕራብ፣ በካርልተንቪል አቅራቢያ የሚገኘው የዌስት ድሪፎንቴን ማዕድን ነው። በጥቅምት 1968 ከዶሎማይት ዐለት ውስጥ ድንገት የፈነዳው ውሃ ከፓምፖቹ አቅም በላይ ሆነ። ማዕድኑን ያተረፈው ተጨማሪ ፓምፕ ብቻ ሳይሆን፣ ከሳምንታት ትግል በኋላ መተላለፊያዎቹን በኮንክሪት መድፈን መቻሉ ነው። ፓምፕ ለሚንጠባጠብ ውሃ ነው፤ ለተቀደደ ጀልባ ግን ቀዳዳውን መድፈን ይቀድማል።

ከጆሃንስበርግ በታች በሚገኘው ማዕከላዊ ተፋሰስ መጨረሻ የቀረው ተሸካሚ ኢስት ራንድ ፕሮፕራይተሪ ማይንስ ነበር። በ2008 መሳቡ ሲቆም ውሃው መውጣት ጀመረ። በዐለቱ ውስጥ ያለው ፓይራይት አየርና ውሃ ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ስለሚፈጥር፣ የሚወጣው ብረት የተሸከመ መራራ ውሃ ነው። በምዕራባዊው ተፋሰስ፣ በክሩገርስዶርፕ አካባቢ፣ በ2002 ይህ ውሃ ምድር ላይ ፈስሶ ታይቶ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ስድስት ዓመት ቀድሞ ነበር ማለት ነው። መንግሥት በ2011 ሥራውን ለትራንስ ካሌዶን ዋሻ ባለሥልጣን ሰጠ፤ በጀርሚስተን የተሠራው ጣቢያ በ2014 መሳብ ጀመረ።

የተመረጠው ከላይ ወደ ጉድጓዱ የሚወርድ፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ የሚሠራ ፓምፕ ነው፤ መስጠም አያስፈራውም። ጥልቁ ግን ለውሃው ተተወ። ውሃን ከ1000 ሜትር ማንሣት ከ200 ሜትር ከማንሣት አምስት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃልና፣ የተያዘው ውሃው ከአንድ የተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የፓምፑ ምርጫ የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ ምን ያህሉ ወርቅ ከውሃ በታች እንደሚቀርም የወሰነ ነው። የተሳበው ውሃ በኖራ አሲዱ ቢገደልም ሰልፌቱ ስለሚቀር፣ ወደ ቫል ወንዝ ሲደርስ የሚያቀጥነው ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ዕዳው ከማዕድኑ ወደ ወንዙ ዞረ።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። በመተሐራ እየሰፋ መንገድንና የባቡር ሐዲድን ያስጨነቀውን የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውሃ በፓምፕ ወደ አዋሽ መልቀቅ ያው ሒሳብ ነው፤ መጠኑ የሚወሰነው በፓምፑ አቅም ሳይሆን ወንዙና ከታች የሚያለማው ገበሬ በሚችሉት ልክ ነው።

በአገራችን ስለ ማዕድን ውል ስንከራከር ስለ ሮያሊቲና ስለ ውጭ ምንዛሪ ብዙ እንናገራለን። ጀፕስታውን የምታስተምረው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ የመጨረሻው ባለፈቃድ ከሄደ በኋላ የሚቀጥለውን ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ ገንዘብ፣ ትርፉ ገና በሚገኝበት ዘመን፣ በማን እጅ ተቀምጧል? ውሉ ይህን ካልመለሰ፣ ጀልባዋን የሸጥነው ከነባትሪዋ ነው፤ ውሃው ግን ለእኛ ይቀራል።