ለፊደላችን ሥራ ማን ያዝዝ? ከፓርክዴል የተነሣ የታሪክ ጥያቄ

ፓርክዴል በቶሮንቶ ምዕራብ፣ በኩዊን ጎዳና ግራና ቀኝ የሚገኝ ሰፈር ነው። በ1889 ወደ ቶሮንቶ ከመጠቃለሉ በፊት ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፤ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በቲቤታውያን ምግብ ቤቶቹና ስደተኛው በሚከራያቸው ረጃጅም ሕንጻዎቹ ነው። እዚያ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት የዲዛይን ተማሪ በቅርቡ የትምህርት ቤት ሥራዋን አሳየችኝ። የታዘዘችው ለአንድ ፊልም የመክፈቻ ርእስ እንድታዘጋጅ ሲሆን፣ እርሷም ርእሱን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ለመሥራት ወሰነች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አርአያዋ አሜሪካዊው ሳውል ባስ ነበር። ባስ በ1955 ለኦቶ ፕሬሚንገር «ባለ ወርቅ ክንዱ ሰው» ፊልም በጥቁር መደብ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጫጭ መስመሮችን አሰለፈ፤ መስመሮቹም በመጨረሻ ወደ ተጣመመ ክንድ ይለወጣሉ። ፊልሙ ስለ ሄሮይን ሱሰኛ ነውና ተመልካቹ ታሪኩ ሳይጀመር መንፈሱ ውስጥ ይገባል። ቀድሞ ሲኒማ ቤቶች የባለሙያዎቹን ስም ዝርዝር ባልተከፈተ መጋረጃ ላይ ማሳለፍ ልማዳቸው ነበር። ይህ ፊልም ግን ከርእሱ በፊት መጋረጃው እንዲከፈት ከሚያሳስብ ማስታወሻ ጋር ተላከ። ርእስ ከዚያ ወዲህ የሥራው አካል ሆኖ መታየት ጀመረ።

ተማሪዋ የእንግሊዝኛውን ርእስ በአንድ ምሽት ጨረሰች። የአማርኛው ግን ሳምንታት ፈጀባት። ያገኘቻቸው የግእዝ ፎንቶች ለደብዳቤና ለመጽሐፍ ገጽ የተበጁ እንጂ ለትልቅ ሸራ የታሰቡ አልመሰሏትም። በመጨረሻ ጥቁር ወረቀት ዘርግታ ፊደላቱን አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጠቻቸው። ውጤቱ ያማረ ነበር። እርሷ ግን ድካሙን የራሷ የችሎታ ማነስ አድርጋ ቈጥራዋለች። የእኔ እምነት ሌላ ነው፤ የገጠማት ችግር ታሪክ ያለው የተቋም ችግር ነው።

መንግሥት ደንበኛ ሲሆን

ከፓርክዴል በስተደቡብ፣ በሐይቁ ዳር፣ የጎ ባቡሮች ያለማቋረጥ ይመላለሳሉ። አገልግሎቱ በግንቦት 1967 ሲጀመር ዓርማውን የነደፈው ጋኞን ቫልከስ የተባለ ድርጅት ነበር። ከዚያ ቀደም በ1960 የካናዳ ብሔራዊ የባቡር ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሲኤን፣ የቶሮንቶው ተወላጅ አለን ፍሌሚንግ የሠራውን ዓርማ ተቀበለ፤ ሁለቱን ፊደላት አንድ ያልተቋረጠ መስመር ያያይዛቸዋል። በ1974 ደግሞ በርተን ክሬመር የሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅቱን የሲቢሲን ዓርማ ነደፈ።

እነዚህን ሥራዎች ስናደንቅ የምንዘነጋው አዛዡን ነው። ባቡሩ እስከ 1995 ድረስ የመንግሥት ንብረት ነበር፤ ሲቢሲና ጎም የሕዝብ ተቋማት ናቸው። በ1970 ፌዴራል መንግሥቱ መሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ ለሕዝብ የሚታዩበትን መልክ የሚወስን ቋሚ መርሐ ግብር አወጣ። ካርል ዴር ደግሞ ለአገሪቱ መቶኛ ዓመት በ1967 ካርቲየር የተሰኘውን የላቲን ፊደል አበረከተ፤ ለመጽሐፍ ጽሑፍ በካናዳ የተነደፈ የመጀመሪያው የላቲን ፊደል ነው። በዚያ ዘመን ካናዳ ከብሪታንያ ጥላ ወጥታ በሁለት ቋንቋ የምትናገር አገር ሆና ለመታየት ትሻ ነበር። ዘመናዊው ንድፍ የዚህ ፖለቲካዊ ፍላጎት መሣሪያ ሆነ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ

አዲስ አበባም በእነዚያ ዓመታት እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በቺካጎ የተማረው አለ ፈለገ ሰላም የመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1958 ተከፈተ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሰው አስተማሩበት። ከ1963 እስከ 1966 በዚያ ያስተማረው ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ የእንጨት ቅርጽ ሕትመትን አስፋፋ። በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ለአፈወርቅ ተክሌ ታላቁን የመስታወት ሥዕል አሠራ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰም አገሪቱን «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው መፈክር ለዓለም አስተዋወቁ።

ስለዚህ መንግሥት ምስልን ያዝዝ ነበር፤ ፊደልን ግን በዚያው ዓይን አላየውም። ከ1921 ጀምሮ ያተመው የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እንደ መሣሪያ አገለገለ እንጂ የአገር መልክ ተደርጎ አልተቈጠረም። የጽሕፈት መኪናው ደግሞ ከ200 በላይ ሆሄያትን በጥቂት ቁልፎች ለማስገባት ፊደሉን በአካልና በቅጥያ ከፋፈለው፤ እግሩና ቀለበቱ ከአካሉ ጋር በወጉ ሳይገጥሙ ቀሩ። ምሁራኑም በአብዛኛው የተከራከሩት ፊደላቱ ይቀነሱ ወይስ አይቀነሱ በሚል ነው። ፊደሉ ምን ይምሰል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ክርክር ጥግ ቆሞ ቀረ።

ነገሩን አሳዛኝ የሚያደርገው ወረታችን ድሀ አለመሆኑ ነው። የብራና መጽሐፍ በሐረግ ይከፈታል፤ ያ ጌጥ አንባቢው ወደ ሌላ ዓለም መግባቱን ያውጃል። ግእዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ጸሐፊው የርእሱንና የቅዱሳኑን ስም ክብር በቀይ ቀለም ይለያል፤ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይከፍላል። የአውሮፓ ዘመናውያን ጥቁርና ቀይን ብቻ ይዘው ገጽ ሲያደራጁ አብዮተኞች ተባሉ። የእኛ ቁም ጸሐፊ በእነዚያው ሁለት ቀለሞች ለዘመናት ገጽ ሲያደራጅ ኖሯል።

የ1999 ትምህርት

በ1980ዎቹ ፍስሐ አጥላውን የመሰሉ በስደት የነበሩ ባለሙያዎች ግእዝን ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ፊደላችን የዓለም አቀፉ መለያ አካል ሆነ። በዚያው እትም አብሮት የገባ ሌላ ፊደል አለ፦ የካናዳ ነባር ሕዝቦች የሚጽፉበት፣ እንደ እኛው አንድ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ የሚወክልበት ሥርዓት ነው።

ኑናቩት የተባለው የሰሜን ግዛት ራሱን ችሎ የቆመው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ነበር። ሕዝቡ 30,000 እንኳ ሳይሞላ መንግሥቱ ፒጊያርኒቅ የተባለ ፎንት አሠራ። ሥራውን የተቀበለው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚገኘው ታይሮ ታይፕወርክስ ነበር። ኋላ ዊንዶውስ ቪስታ ይዞት የወጣውን፣ በርካቶቻችን አማርኛ የጻፍንበትን ኒያላ የተሰኘውን ፎንትም የነደፈው የዚሁ ድርጅት መሥራች ጆን ሃድሰን ነው። ያዘዘው ግን ማይክሮሶፍት ነበር።

ሁለቱም ከአንድ የካናዳ የፊደል ሠሪ ቤት ወጡ። የአንዱ አዛዥ የፊደሉ ባለቤት የሆነ ሕዝብ መንግሥት ነው፤ የሌላው አዛዥ የሶፍትዌር ኩባንያ ነው። ይህ ሠሪውን የሚያስወቅስ አይደለም፤ ኒያላ ጥንቃቄ የተደረገበት ሥራ ነው። ነገር ግን የሥራውን ዓላማ የሚወስነው አዛዡ ነው። ኩባንያው የቢሮ ሰነድ እንዲነበብ ይፈልጋል። የመንገድ ምልክት ከሩቅ እንዲለይ፣ ገና ፊደል የሚቈጥር ሕፃን «በ»ን ከ«ቡ» እንዳያምታታ፣ የፊልም ርእስ ልብ እንዲሰቅል ማዘዝ የእርሱ ተግባር አይደለም።

«ዛሬ ጉግል ኖቶን በብዙ ውፍረት በነጻ ሰጥቶናል፤ ወጣት ኢትዮጵያውያንም አዳዲስ ፎንት እየሠሩ ነው፤ ታዲያ ችግሩ የት አለ?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ኖቶ ግን የዓለምን ፊደላት ሁሉ አንድ በሚያስመስል መርሕ የተሠራ ነው፤ ለጋራ አገልግሎት ይበጃል፣ የራስን ድምፅ ግን አይሰጥም። የወጣቶቹ ሥራም በትርፍ ጊዜ የሚሠራና ብዙ ጊዜ ሳይከፈልበት የሚቀዳ ነው። «አገር በተቸገረበት ጊዜ ፎንት ቅንጦት ነው» ለሚለውም መልሱ ቀላል ነው፤ የመድኃኒት መመሪያና የምርጫ ወረቀት በፊደል ነው የሚነበቡት።

ባለፈው ጊዜ አዛዥ መሆን የሚችለው መንግሥት ወይም ታላቅ ኩባንያ ነበር። ዛሬ አንድ የማኅበረሰብ ማኅበር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የፊልም ዝግጅት ተባብረው ለአንድ ፎንት መክፈል ይችላሉ። በየዓመቱ ለአዳራሽ ኪራይና ለማስታወቂያ ሸራ ገንዘብ እናወጣለን። ከዚያ ጥቂቱን ቀንሰን ለኢትዮጵያዊ ነዳፊ ብንሰጥ፣ ዓላማውን በጽሑፍ ብናሰፍር፣ ውጤቱም ለሁሉም በነጻ ፈቃድ እንዲለቀቅና የነዳፊው ስም እንዲጠራ በውል ብናስር፣ ኑናቩት የጀመረውን እኛም በአቅማችን ጀመርን ማለት ነው።

ተማሪዋ ሥራዋን አስረክባለች። ለርእሷ የፈለገቻቸውን 11 ፊደላት በእጇ ቆርጣለች፤ የተረፉት ከ200 በላይ ፊደላት ግን በአንድ ሰው መቀስና በአንድ ሴሚስተር የሚያልቁ አይደሉም።