ሀዋይ ቢቀርብን ዝዋይ ገባን

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ሽርሽር ነው። (ታሪክም አለበት፤ ግን አትሽሹ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለችው አክስታችን ልጆቿን ይዛ ሀዋይ ለዕረፍት ሄደችና ፎቶ ላከችልን። ከኋላ ጥቁር ተራራ፣ ከፊት ባሕር፣ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን። ቤታችን ውስጥ ቅናት ተነሣ። ታናሽ ወንድማችን «እኛ አገርስ እሳተ ገሞራ የሠራው ደሴት የለም?» አለ። አለ እንጂ! ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ስለሆነ «ሐሩር ነው» ብንል ማንም አይከሰንም። በ2015 ዓ.ም. የገና ሰሞን አያታችንን ጨምሮ ሙሉ ቤተሰብ ተነሣን።

አያታችን የአጣዬ ሰው ናት። በ2013 ዓ.ም. ከተማዋ ስትቃጠል የእሷም ቤት አብሮ ነደደ። ይዛ የወጣችው አንድ ፌስታል ነው፤ ውስጡ የቤቱ ካርታና ጥቂት ፎቶዎች አሉ። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው እኛ ጋ ሲሆን ፌስታሉ ገበያም ብትሄድ ከእጇ አይለይም። ዝዋይም አብሮን ሄደ። ባለ ጀልባው «እማማ፣ ውኃ እንዳይነካብዎት ላስቀምጥልዎት?» ቢላት «እኔው ልያዘው ልጄ» አለች።

ወደ ቱሉ ጉዶ ጀልባው ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁ እሱ ነው፤ ስሙም በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው። በደቡብ በኩል አሉቶ ይታያል፤ በአገራችን የመጀመሪያው የእንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጫ የተተከለበት እሳተ ገሞራ። ወንድማችን ስለ ስምጥ ሸለቆ ማስረዳት ሲጀምር አያታችን አቋረጠችው። ስምጥ ሸለቆን ለይፋት ሰው ማን ያስተምራል? አጣዬ ራሷ የተቀመጠችው በዚሁ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ሥር ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርሳት እሷ ልጅ ነበረች፤ ሌሊቱን ደጅ ማደራቸውን አልረሳችም።

ደሴቱ ላይ የሚኖሩት ዛዮች ናቸው። ዳገቱን በድንጋይ እርከን አርሰውታል፤ ሐይቁ ደግሞ ቆሮሶ ይሰጣቸዋል። (ምሳችንን ስለ በላነው ዓሣ ብቻ አንድ ጽሑፍ ይወጣው ነበር።) አናቱ ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች። ትውፊቱ እንደሚለው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ጽላተ ሙሴን ይዘው እዚህ ድረስ ሸሹ፤ ታቦቱም 70 ዓመት ተቀመጠ። በሌላው ትውፊት ደግሞ ከግራኝ አሕመድ ጦር የሸሹ የሸዋ ሰዎች በኋላ ተጨመሩባቸው።

እዚህ ላይ የኛ አገር ይገባል። ኢማም አሕመድ በ1529 እ.ኤ.አ. ሽምብራ ኩሬ ላይ ካሸነፈ በኋላ በ1531 የልብነ ድንግልን ጦር በመድፍ የበተነው አንጾኪያ ላይ ነው፤ ከአጣዬ ብዙም በማይርቅ ስፍራ። የደጋው በር የተከፈተው ያኔ ነው። እኛ ስናድግ የሰማነው ታሪክ ከዚህ ይጀምራል፦ እነሱ መጡ፣ አቃጠሉ፣ እኛ ሸሸን። ግን ከዚያ 200 ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ በ1332፣ ዐምደ ጽዮን በይፋቱ ሱልጣን በሰብረዲን ላይ ዘምቶ አገሩን እንዳስገበረ ማን ነገረን? አስባሪ፣ መሳልና ኖራ የሚባሉት የይፋት ዘመን ከተሞች ፍርስራሾች፣ መስጊዶቻቸው ጭምር፣ ዛሬም እዚያው እኛ ባደግንበት ተራራ ጥግ ቆመዋል። እኛ ግን በመኪና ስናልፋቸው ነው የኖርነው።

ከሁሉ የገረመንን እንንገራችሁ። የቋንቋ ምሁራን ዛይኛን የሚመድቡት ከማን ጋር ይመስላችኋል? ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር! አዎ፣ ኢማሙ መናገሻው ካደረጋት ከሐረር ከተማ ቋንቋ ጋር። በትልቁ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ የኛ አማርኛና የይፋት ጎረቤቶቻችን አርጎብኛ አብረው አሉ። ከግራኝ ጦር ሸሽቶ ደሴት ገባ የሚባለው ሕዝብ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ቋንቋ፣ የቅርብ ዘመዱ የሸሸው አገር ቋንቋ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ በልጅነታችን «እነሱ» እና «እኛ» እየተባለ የተነገረን ታሪክ መስመሩ የቱ ጋ ይሰመር? እኛ መስመሩ ጠፍቶብናል። ማጀቴና አጣዬ ሰፈር ውስጥ ቡና አብረው ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን ብለን ስናስብ ነበር የዋልነው።

ዛዮቹ ወደመጡበት አልተመለሱም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ መንግሥት ሐይቁ ድረስ ሲመጣ መጽሐፎቻቸውን ይዘው እዚያው ነበሩ። ዛሬ ግን አብዛኞቹ ደሴቱን ለቀው ሐይቁ ዳር ባሉ ከተሞችና መንደሮች ይኖራሉ። ውኃውን ተሻግሮ መውጣት ይህን ያህል ዘመን ፈጀ።

ከሰዓት በኋላ አንድ አባት ብራናዎቹን አሳዩን። እያንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አያታችን ዝም ብላ ጥቅልሉን ስታይ ቆየችና፣
«አባ፣ ሲሸሹ መጀመሪያ ያነሡት የቱን ነው?» አለች።
«ታቦቱን ነዋ እናቴ፤ ከዚያ መጻሕፍቱን።»
«እኛ ካርታውን» አለችና ፌስታሉን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። እሳቸው ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ቤቱ ስንት ክፍል እንደነበረ ጠየቋት፤ ጀልባው እስኪጠራን ድረስ ስለ ቤቱ ስታወራቸው ቆየች።