ተፈሪ ስለ ተባለው ስም፤ ትርጓሜውና የሄደበት መንገድ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። ነገር ግን መልአክ ያወጣውን ስም የሚጠራው፣ የሚያስፋፋውና አንዳንድ ጊዜም የሚፍቀው ሰው ነውና፣ የአንድን ስም ታሪክ መመርመር የሰውን ታሪክ መመርመር ነው።

ከበደሳ ተነሥቶ ወደ ጭሮ የሚሄድ መንገደኛ በአንድ ጕዞ ሁለት ዓይነት ስም ያገኛል። በደሳ ማለት በኦሮምኛ እኛ ዶቅማ የምንለው፣ ጥቁር ፍሬው የሚበላው ዛፍ ነው። ጭሮ ግን ብዙ ዘመን አሰበ ተፈሪ ተብላ ኖራለች፤ ዛሬም በመንግሥት መዝገብ ጭሮ ብትባል የቀድሞ ስሟ ከሰው አፍ አልጠፋም። እንግዲህ አንዲቱ ከተማ በዛፍ፣ ሁለተኛይቱ በሰው ስም ተጠርታለች ማለት ነው። ይህ ተፈሪ የተባለው ስም ከየት መጣ? ትርጓሜውስ ምንድን ነው? እስከ ወዴትስ ደረሰ? ይህን በአጭሩ ለአንባቢ ለመግለጽ አስበናል።

የስሙ ሥር በግእዝ «ፈርሀ» የሚለው አንቀጽ ነው፤ በአማርኛ ሀ ተውጣ ፈራ ሆኗል። ከዚህም ተፈራ የሚለው ስም ይወጣል፤ እንደ ተሾመ፣ እንደ ተሰማና እንደ ታደሰ የተፈጸመ ነገርን የሚናገር ስም ነው። ተፈሪ ግን ሥራውን ሳይሆን ባለቤቱን ያሳያል፤ መድረሻው ሣልስ ፊደል ነውና ሊቃውንት ሣልስ ውስጠ ዘ ከሚሉት ወገን ነው፤ ትርጓሜውም የሚፈራ፣ የሚከበር ማለት ነው። ፍርሃት ሲባል ግን የአውሬ ወይም የወንበዴ ፍርሃት አይደለም። ፈሪሃ እግዚአብሔር ስንል ክብርንና ትሕትናን እንደምናስብ ሁሉ፣ ልጁን ተፈሪ ብሎ የሚሰይም አባትም ልጁ ጨካኝ እንዲሆን ሳይሆን በሰው ፊት ክብር ያለው እንዲሆን ይመኛል። ስለዚህ ስሙ የምኞት ስም ነው።

ይህን ስም በዓለም ያሳወቀው ሕፃን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በዚያው በሐረርጌ ምድር በኤጀርሳ ጎሮ ተወለደ፤ እርሱም የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ ነው። የክርስትና ስሙ ኃይለ ሥላሴ ነበረ። አንባቢ ልብ ይበል፤ አባቱ መኰንን ወልደ ሚካኤል፣ ልጁ ተፈሪ መኰንን ተባለ እንጂ፣ በመሳፍንት ቤት እንኳ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚተላለፍ አንድ ስም አልነበረም። ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ፤ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ሆኑ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ በክርስትና ስማቸው ተጠሩ። ከዚያ ወዲያ የበኵር ልጃቸው እንኳ አስፋ ወሰን ኃይለ ሥላሴ ተባሉ እንጂ አስፋ ወሰን ተፈሪ አልተባሉም።

ነገር ግን ባለቤቱ የተዉትን ስም ሌሎች ይዘውት ቀሩ። ከእነዚህ አንዷ የጨርጨር ከተማ ናት። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያ ተምረው የተመለሱ፣ ኋላም የ1923ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁና በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ የተናገሩ ሰው ናቸው። እርሳቸው ጨርጨርን በገዙበት ዘመን አሰበ ተፈሪ የአውራጃው ዋና ከተማ ሆና ተደራጀች። የከተማይቱም ስም ሁለት ንባብ ይቀበላል። አሰበ ብለን ብናነብ፣ ከግእዙ ሐሰበ የመጣ ነውና «ተፈሪ አሰበ፣ ዐቀደ» ማለት ይሆናል። ዐስበ ብለን ብናነብ ደግሞ ዐስብ በግእዝ ደመወዝ፣ ዋጋ ነውና «የተፈሪ ዋጋ» ማለት ይሆናል። የውጭ አገር ሰዎች በመጻሕፍታቸው «አስባ ታፋሪ» ብለው መጻፋቸው ይህን ሁለተኛውን ንባብ ያስታውሳል። አንዲት ፊደል ሳድስ ወይም ግእዝ መሆኗ የከተማን ትርጓሜ እንዴት እንደሚለውጥ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው የስሙ መንገድ ባሕር የተሻገረው ነው። በጃማይካ ደሴት ሊዮናርድ ሐወል የተባለ ሰባኪ ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱን ለጥቁር ሕዝብ ተስፋ አድርጎ ሰበከ። ተከታዮቹም ራስ የሚለውን ማዕርግና ተፈሪ የሚለውን ስም እንደ አንድ ቃል አጋጥመው የራሳቸው መጠሪያ አደረጉት። ከዚህ የተነሣ ነገሩ ያስደንቃል፤ ማዕርጉም ስሙም በአገር ቤት ከተተዉ በኋላ በባዕድ አገር ሕይወት አገኙና። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ወደ ጃማይካ በሄዱ ጊዜ የተቀበላቸው ሕዝብ ከ35 ዓመት በፊት በተዉት ስም ይጠራቸው ነበር።

የመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ለውጥ በመጣ ጊዜ በስሙ ላይ ፈተና ደረሰ። በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት እንጦጦ ተባለ። ይሁን እንጂ በዚያው በ1967 ዓ.ም. የደርግ ሊቀ መንበር የሆኑት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ነበሩ፤ እርሳቸውም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. እስከ ተገደሉ ድረስ በዚያ ወንበር ቆዩ። አንዱ ተፈሪ ከዙፋን ወረዱ፣ ሌላው ተፈሪ የአገሩ ራስ ሆኑ። ከዚህ የምንረዳው ስሙ የአንድ ቤት ርስት አለመሆኑን ነው፤ ከአማራውም ከኦሮሞውም፣ ከመሳፍንቱም ከወታደሩም ቤት ይገኛልና። ለሥልጣን ሲባል በሕንፃና በከተማ ላይ የተለጠፈ ስም ከሥልጣኑ ጋር ይወርዳል፤ አባት ለልጁ ያወጣው ግን ይኖራል።

አሁን የቀረን ነገር ይህ ስም የቤተ ዘመድ ስም ወደ መሆን የሄደበት መንገድ ነው። በእስፓኝና በፈረንሳይ ድንበር በፒሬኔ ተራራዎች የሚኖሩ ባስኮች ከእኛ ልማድ በተቃራኒ ሰውን በቤቱ ይጠሩታል። ኤቼቤሪያ የተባለው የታወቀ ስማቸው «አዲሱ ቤት» ማለት ነው፤ ቤቱ ቢፈርስ፣ ባለቤቱም ቢሰደድ ስሙ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ዣቪየር የሚለውም ስም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። በእኛ አገር ግን ስም ከአባት ወደ ልጅ አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል። የተክለ ሐዋርያት ልጅ ደራሲው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተባሉ፤ የአያታቸው የተክለ ማርያም ስም በአንድ ትውልድ ከመጠሪያቸው ወጣ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የአባቱን ልማድ አልተወም፤ ድንጋጌውም በመጽሐፍ ቀረ።

ሕግ ያላደረገውን ስደት አደረገው። ከበደ ተፈሪ የተባለ ሰው ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ቢሄድ፣ በዚያ ያለው ጸሓፊ ተፈሪን የቤተ ሰቡ ስም አድርጎ ይመዘግበዋል። የሚወለደውም ልጅ የአባቱ ስም ተዘልሎ በአያቱ ይጠራል፤ የእርሱም ልጅ እንዲሁ። ገብረ ሥላሴ ወይም ወልደ ሚካኤል የተባለው ደግሞ ስሙ ለሁለት ይቆረጥና ገብረ ብቻ፣ ወልደ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የማን አገልጋይ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ አይታወቅም። እንዲህ ባለ መንገድ ምኞት የነበረው ስም ዝምተኛ ምልክት ይሆናል።

የባስኩ ሰው የአያቶቹ ቤት ቢፈርስም «አዲሱ ቤት» የሚለውን ቃል ቋንቋውን የሚያውቅ ሁሉ ይሰማዋል። የእኛም ስም ቤቱ ቋንቋው ነው። ስለዚህ ልጆቻቸው በባዕድ አገር ያደጉ ወላጆች ስሙን ብቻ ሳይሆን ትርጓሜውን ያውርሱ፤ በአገር ቤትም ስም የሚመዘግቡ ካህናትና ጸሓፊዎች ሁለት ቃል የሆነውን ስም ሳይቆርጡ፣ ፊደሉንም ሳያምታቱ ይጻፉ። ዶቅማው ቢቆረጥ እንኳ በደሳ የሚለው ቃል ዛፉን ያሳስባል፤ ተፈሪም የተባለው ልጅ ቃሉን ካወቀ አባቱ የተመኘለትን ክብር ያውቃል።